ግቢያችን ውስጥ ሁለት እናት፣ አንድ የጉበት ቫይረስ (ኮምቦልቻ)

ስሜ ይቆየኝ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:40

ሰላም ለዚህ ቤት። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። ልጄን እያጠባሁ በአንድ እጄ ነው የምጽፈው።

ኮምቦልቻ ነን። ባለቤቴ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለው፤ ግቢው የአማቴ ነው። ጓሮው ላይ አምስት ሰርቪስ ቤት አለ፣ ሦስቱን የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛ ልጆች ተከራይተውታል። አንዷ ስምንተኛ ወሯን ገብታለች። ከወረኢሉ ገጠር ነው የመጣችው። ባሏ የከባድ መኪና ረዳት ነው፣ በወር አንዴ ቢመጣ ነው። በሁለት ዓመት ብቻ ነው የምበልጣት፣ ግን «እትዬ» ትለኛለች።

ባለፈው ሐሙስ ከጤና ጣቢያ ስትመለስ በሩ ላይ አገኘኋት። የታጠፈች ወረቀት ከጉያዋ አውጥታ «እትዬ፣ እስቲ ይቺን ያንብቡልኝ፣ የወፍ በሽታ የሚሉት ነው እንዴ?» አለችኝ። ሄፓታይተስ ቢ፣ ፖዘቲቭ። ለማንበብ አልተቸገርኩም። ልክ እንደሷ ያለ ወረቀት የእኔም ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከነጠላዎቼ ሥር አለ።

አዎ፣ እኔም አለብኝ። ከባለቤቴ በቀር የሚያውቅ የለም።

እኔ በሦስተኛ ወሬ የግል ክሊኒክ ሄጄ ታወቀ። ደሜ አዲስ አበባ ተልኮ የቫይረሱ ብዛት ተለካ፣ ብዙ ነው ተባለ፣ በሰባተኛው ወር ክኒን ጀመርኩ። ደሴ ወለድኩ፣ ልጄ ገና የእንግዴ ልጁ ወጥቶ ሳያበቃ መርፌውን ተወጋ። ሁሉም በገንዘብ ሆነ፣ ገንዘቡም ነበረን።

እሷ የመጀመሪያ ክትትሏን የጀመረችው ሰባተኛ ወሯ ላይ ነው። ቀድማ ለምን አልሄደችም? አንድ ቀን ከቀረች ደመወዟ ላይ ያለችው የመገኘት ጉርሻ የወሩ በሙሉ ይሄዳል። መጀመሪያ የሄደች ቀን ደግሞ «መመርመሪያው አልቋል፣ ሌላ ቀን ነይ» ብለዋታል። ሌላ ቀን ማለት ለእኔ ሌላ ቀን ነው። ለእሷ የዘይትና የሽንኩርት ብር ነው።

አሁን የምነግራችሁ ግን ከዚህ የባሰው ነው። ወሬው በአንድ ምሽት ግቢውን ዞረ። ቅዳሜ አማቴ ቡና አፈላች፣ እንደ ወጉ ተከራዮቹም ተጠሩ። ለልጅቱ ረከቦቱ ላይ ከተደረደሩት አልቀዳችላትም። አፉ የተሸረፈ ሲኒ ከቡፌው ጥግ አውጥታ በእሱ ሰጠቻት፣ ስትጨርስም ለብቻው አጠበችው። በበረኪና። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ በደህናው ሲኒ አቦሉንም ቶናውንም በረካውንም ጠጣሁ። አንድ ቃል አልወጣኝም።

ጥያቄዬ፦ 34ኛ ሳምንት ላይ ላለች ሴት አሁን ምን ሊደረግላት ይችላል? ሌላውን ፍርድ ለእናንተ ትቻለሁ።

ጦሳ ሥር · 3:58

አብሽሪ እህቴ። የጻፍሽው ሲኒ ዓይኔ ላይ ቀረ። መልስ ያላቸው እስኪመጡ እዚሁ ነኝ።

ሐረጎ ቁልቁለት · 4:10

ልጅቱን አላህ ያሽራት። ግን እባካችሁ ሁሉን ነገር የሀብታምና የድሃ አታድርጉት። ቫይረስ ኪስ አይፈትሽም። ራሷ ጸሐፊዋ ሀብታም ሆና ይዟታል አይደል?

ማታ ተረኛ · 4:47

አዋላጅ ነርስ ነኝ፣ ደሴ። ዛሬ ተረኛ ስላልሆንኩ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ።

ከሲኒው ልጀምር። ሄፓታይተስ ቢ በሲኒ፣ በማዕድ፣ በመተቃቀፍ፣ በትንፋሽ አይተላለፍም። መንገዱ ደም ነው፣ ግብረ ሥጋ ነው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ወሊድ ነው። ምላጭ፣ የጥርስ ብሩሽና የጥፍር መቁረጫ አትጋሩ፣ ይኸው ነው። ጡትም ማጥባት ትችላለች፣ አንቺም እያጠባሽ ያለሽው ልክ ነው። እማማን በዚህ ንገሪያቸው፤ በረኪናው ለሽንት ቤቱ ይሁን።

አሁን ዋናው። አዋቂ ሰው ሲይዘው ብዙውን ጊዜ ሰውነቱ ራሱ ያጠፋዋል፣ ከ100 አምስት ባልሞሉት ላይ ነው የሚቆየው። ሲወለድ የተያዘ ሕፃን ግን ከ10 ዘጠኙ ዕድሜ ልኩን ይዞት ይቀራል። ጉበቱ ጠባሳ ይዞ የሚደርቀውና ካንሰር የሚመጣው ከ30 እና 40 ዓመት በኋላ ስለሆነ ማንም ከወሊዱ ጋር አያገናኘውም። ምንም ካልተደረገ፣ ቫይረሱ በጣም የሚራባባት እናት ለልጇ የማስተላለፍ ዕድሏ ከ70 እስከ 90 በመቶ ነው።

ለልጁ የመጀመሪያ ክትባት በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ መሰጠት አለበት። እኛ አገር ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፔንታቫለንት (አምስት በሽታ በሚከላከለው የሕፃናት ክትባት) ውስጥ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት አለ፣ ግን የሚጀመረው እናቶች «የ45 ቀኑ» በሚሉት ነው። ከልደት እስከ 45 ቀን ያለው ክፍተት ነው ልጆቹን የሚያስበላን። እናቶቹም ቢሆኑ፣ ዛሬ ማዋለጃ የሚመጡልኝ አብዛኞቹ ከዚያ በፊት የተወለዱ ናቸው፤ አንዷም በሕፃንነቷ አልተከተበችም።

ለእናቲቱ ቴኖፎቪር የሚባል ክኒን አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ቫይረሱ የበዛባቸው ከ28ኛ ሳምንት ይጀምሩ አለ፤ በ2024 ደግሞ ብዛቱን መለካት በማይቻልበት ቦታ ፖዘቲቭ የሆኑ እርጉዞች ሁሉ ሊሰጣቸው ይችላል አለ። ይኼ የመጨረሻው ለእኛ ነው የተጻፈው ማለት ይቻላል፣ ደም አዲስ አበባ መላክ የሚችል ስንቱ ነውና። 34 ሳምንት ዘግይቷል፣ ግን ምንም አይሠራም ማለት አይደለም። ነገውኑ ሐኪም ጋ ትቅረብ፣ የኩላሊቷም ምርመራ ይታይ፣ እሱ ይወስን። የምትወልድበት ቦታ ሕፃኑ እንደተወለደ የሚሰጠው ክትባት መኖሩን አሁን ጠይቂ፣ ምጧ ከመጣ በኋላ ሳይሆን። ከሌለ የት እንደሚገኝ ቀድመሽ እወቂ።

ስሜ ይቆየኝ · 5:02

እግዜር ይስጥልኝ። ነገ ጠዋት ከፈረቃዋ በፊት አናግራታለሁ።

ላብራቶሪ ጥግ · ረቡዕ፣ ጠዋት 2:15

ለሐረጎ ቁልቁለት፦ ግማሽ እውነት ይዘሃል፣ ስለዚህ ልመልስልህ።

ቫይረሱ መጀመሪያ ማን ላይ ያርፋል የሚለው ሁልጊዜ ድሃ ላይ ብቻ አይደለም። ኤችአይቪን ውሰድ። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ የከተማው 2.9 በመቶ፣ የገጠሩ 0.4 በመቶ ነበር። ከተሜውና ተንቀሳቃሹ ነው የበለጠ የተያዘው። ሄፓታይተስ ቢም በአገሪቱ እርጉዞች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ሲደመሩ 5 በመቶ አካባቢ ነው፣ ከ20 አንዷ በለው፣ ባለሱቅም ባለፋብሪካም አለችበት።

ልዩነቱ ያለው ከተያዘች በኋላ ነው። ማን ቀድማ አወቀች? ማን ውጤቱን ይዛ ሌላ በር አንኳኳች? ለኤችአይቪ መንግሥት በ2013 እ.ኤ.አ. ፖዘቲቭ የሆነች እርጉዝ ሁሉ ወዲያው መድኃኒት ትጀምር ብሎ ስለወሰነ የልጅቱ ደመወዝ ጥያቄ አይሆንም፣ ምርመራውም መድኃኒቱም በነፃ ነው። የሚገርመው፣ በዚያው በኤችአይቪ ጥምር ክኒን ውስጥ ቴኖፎቪር አለ። መደርደሪያው ላይ ያለ መድኃኒት ነው። ሄፓታይተስ ብቻ ያለባት ግን «ሪፈር» ተብላ ትዞራለች።

እና ሌላም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ጊዜ የደሴም የኮምቦልቻም ጤና ተቋማት ምን ሆነው እንደተገኙ ሁላችንም አይተናል። ማሽን ሲነቀል ማን መኪና ተከራይቶ ሌላ ከተማ ሄዶ እንደተመረመረ፣ ማን ቤቱ እንደቀረ ታውቃለህ።

ኅዳር የወለድኩ · ረቡዕ፣ 2:50

እኔ ከቀሩት ነኝ። ኅዳር 2014፣ ደሴ፣ ጎረቤት ቤት ወለል ላይ ነው የወለድኩት። መብራት የለም፣ ስልክ የለም። እትብቱን የቆረጡት በምላጭ ነው፣ አዲስ ይሁን አሮጌ አላየሁም፣ ማን ያያል። ሴቶቹ «ማርያም ማርያም» ይሉ ነበር፣ ሙስሊሞቹም ክርስቲያኖቹም አብረው። በእርግዝናዬ ምንም አልተመረመርኩም። ልጄ አሁን ደህና ነው። ይኼን ክር ካነበብኩ ወዲህ ግን እንቅልፍ የለኝም። ሁለታችንም እንመርመር ወይ?

ማታ ተረኛ · ረቡዕ፣ 3:20

አዎ፣ ሁለታችሁም። አንዲት የደም ጠብታ ናት፣ ኤችቢኤስ ኤጂ (የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ) በያቸው። እንቅልፍ የሚያሳጣው አለማወቁ ነው። ነፃ ከሆናችሁ አንቺ ተከተቢ፣ ሦስት ጊዜ ነው። ልጅሽ የ45 ቀኑን፣ የሁለት ወር ተኩሉንና የሦስት ወር ተኩሉን ጨርሶ ከሆነ ካርዱን ይዘሽ ሂጂ።

እናት የአምስት · ረቡዕ፣ 4:05

ልጆቼ፣ እኔ አርጅቻለሁ፣ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። የወፍ በሽታ ሲባል እኛ ዘንድ የሌሊት ወፍ ሲያልፍብህ ነው ይሉ ነበር። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ቅጠል ይጨመቅለታል፣ አንዳንዱ ይድናል፣ አንዳንዱ ሆዱ ይነፋና ይሄዳል። የሄደውን ማንም አይቆጥረውም። እኔ ግን አንድ ነገር አስታውሳለሁ። በልጅነታችን ጆሮ የምትበሳው፣ እንጥል የምትቆርጠው፣ ድዳችንን የነቀሰችን አንዲት ሴት ናት፤ መርፌዋም አንድ ነው። በእሳት ታሳልፈዋለች፣ በነጠላዋ ትጠርገዋለች፣ ቀጣይዋን ትጠራለች። ባለጠጋው ቤት ሐኪም ይጠራ ነበር።

የወፍ መድኃኒት ደሴ · ረቡዕ፣ 4:30

[ተሰርዟል]

አስተዳዳሪ · ረቡዕ፣ 4:41

የቅጠል ማስታወቂያና ስልክ ቁጥር አይለጠፍም። ለእርጉዝ ሴት ደግሞ በፍጹም። የታመመ ጉበት ላይ ምንነቱ ያልታወቀ ጭማቂ ማፍሰስ ጉበቱን ሊጨርሰው ይችላል።

ፈረቃ ለ · ረቡዕ፣ ማታ 2:30

አሁን ከሥራ ወጣሁ። ልብስ ስፌት ነኝ፣ ልጅቷን ባላውቃትም አውቃታለሁ። የእኛ መስመር ላይ ስድስት እርጉዝ አለች። ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳን መስመር መሪዋን ምልክት ታሳያለህ። ጓደኛዬ ለክትትል ፈቃድ ጠይቃ «ዓመት ፈቃድሽ ላይ ይያዝ» ተብላለች። መብት የሚባል ነገር አለ ወይስ ዝም ብለን ነው?

አንቀጽ · ረቡዕ፣ ማታ 2:55

አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ አንቀጽ 88ን አውጥታችሁ አንብቡ። ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከእርግዝናዋ ጋር ለተያያዘ ምርመራ ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጣታል። አሠሪው መጠየቅ የሚችለው የተመረመረችበትን የሐኪም ማስረጃ ነው፤ ከዓመት ፈቃድ አይቀነስም። ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀንም እዚያው አለ። ጉርሻዋ ለምን እንደሚቆረጥ ግን በጽሑፍ ጠይቂ፣ በቃል የተጠየቀ ነገር በቃል ይሞታል።

ፈረቃ ለ · ረቡዕ፣ ማታ 3:01

በጽሑፍ የጠየቀች ሴት ውሏ ሲያልቅ አይታደስላትም። ግን አንቀጹን ስልኬ ላይ ፎቶ አድርጌዋለሁ።

ባቲ ሚሌ · ረቡዕ፣ ማታ 4:10

ሹፌር ነኝ፣ ወደ ጅቡቲ። ረዳቱን እናንተ ረሳችሁት። ባልየውም መመርመር አለበት። እኛ መንገድ ላይ አንድ ምላጭ ለሦስት ሰው ጢም ይላጫል፣ ያውም ኬላ ላይ ወረፋ ስንጠብቅ። ሌላውን አልናገርም፣ ቤተሰብ ያነበዋል። ስለ ኤችአይቪ መኪና ማቆሚያው ድረስ መጥተው አስተምረውናል። ስለዚህኛው ሰምቼ አላውቅም፣ ዛሬ እዚህ ነው የሰማሁት።

ሐረጎ ቁልቁለት · ሐሙስ፣ ጠዋት 1:40

ላብራቶሪ ጥግ፣ አነበብኩህ። ስለ መያዙ የተናገርኩትን አልተውም። ስለ መዳኑ ግን ከአንተ ጋር ነኝ።

ቧንቧ ውሃ · ሐሙስ፣ 3:15

ክሩ ስለ ሄፓታይተስ ቢ ሆኖ ሳለ አንድ ነገር ልጨምር፣ አስተዳዳሪው ካልቆጣኝ። የአካባቢ ጤና ባለሙያ ነኝ።

ሄፓታይተስ ኢ የሚባል አለ። እሱ በደም ሳይሆን በአብዛኛው በተበከለ ውሃ ነው የሚመጣው። ጤነኛ ሰው ያመውና ይለቀዋል። በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ላይ ያለች እርጉዝ ከያዛት ግን ከ100 ከ20 እስከ 25 ልትሞት ትችላለች። ለዚህ ቫይረስ ቧንቧ ያላትና የሌላት ሴት እኩል አይደሉም፣ እዚህ ላይ ኪስ ይፈተሻል ሐረጎ ወንድሜ። የቦርከና ወንዝ ደሴን አቋርጦ ኮምቦልቻ ሲደርስ ምን ምን ይዞ እንደሚወርድ የሚያውቅ ያውቃል፤ ዳር ላይ ልብስ የሚያጥቡት እነማን ናቸው?

ለክሩ ባለቤት አንድ ጥያቄ፣ አትቀየሚኝ። ግቢያችሁ ውስጥ ተከራዮቹ ውሃ ከየት ነው የሚቀዱት?

ስሜ ይቆየኝ · ሐሙስ፣ ማታ 3:50

ይኼን ጥያቄ ጠዋት አይቼ እስካሁን አልመለስኩም።

ግቢው ውስጥ አንድ ቧንቧ አለ። አማቴ በሣጥን ቁልፍ አስቆልፋዋለች፣ ቆጣሪው ብዙ መጣ ብላ። ጠዋት ለአንድ ሰዓት ያህል ይከፈታል፣ ለአንድ ቤት ሁለት ጀሪካን። ከዚያ ውጪ ከሚሸጡት ይገዛሉ፣ ወይም ወንዝ ይወርዳሉ። የጠዋት ፈረቃ የሚገቡት ሲከፈት የሉም። ልጅቱ ጠዋት ፈረቃ ናት። የእኔ ቤት ሮቶ አለው።

ስለ ሲኒው ስጽፍ ሲኒውን ብቻ ነበር ያየሁት።

ጦሳ ሥር · ሐሙስ፣ ማታ 4:00

ወላሂ ይኼን መጻፍ ከባድ ነው። እናመሰግናለን።

ማታ ተረኛ · ሐሙስ፣ ማታ 4:20

ውሃውን አፍልታ ትጠጣ፣ እጇን በሳሙና። አፍልታ ስል ከሰል እንደሚገዛ አውቃለሁ። ክኒኑስ?

ስሜ ይቆየኝ · ሐሙስ፣ ማታ 4:31

ዛሬ ሄድን። ባለቤቴ መኪናውን ሰጠን። በመጀመሪያው ቦታ «ሐኪሙ ስልጠና ላይ ነው»፣ በሁለተኛው ወረፋ፣ በስድስት ሰዓት ገባን። ሐኪሙ ጥሩ ሰው ነው፣ የኩላሊቷን አይቶ ክኒኑን ጻፈላት። ፋርማሲ ስደርስ ባለሙያዋ ስትፈልግ «ሰማያዊው ጠርሙስ ነው» ብዬ አመለከትኳት። ልጅቱ አየችኝ። እንዴት እንዳወቅሁ አልጠየቀችኝም። መኪናው ውስጥ የሐረጎን ቁልቁለት ሳንጨርስ እኔም እንዳለብኝ ነገርኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች፣ ከዚያ «እርስዎም?» አለችኝ። ቀጥላ ሳቀች፣ ሳቋ የቁጣም ነበር መሰለኝ።

ማታ ተረኛ · ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ

ስሜ ይቆየኝ፣ የት ገባሽ? ቀኗ ደርሷል በቀመርኩት።

ስሜ ይቆየኝ · ማክሰኞ፣ ቀን 9:20

ወለደች። ሴት ልጅ፣ ሦስት ኪሎ ከአንድ መቶ።

ምጡ የመጣው ቅዳሜ ሌሊት ነው፣ ከፈረቃ ተመልሳ። አንቺ እንዳልሽው ቀድሜ ጠይቄ ነበር፣ «ይኖራል» ብለውኝ ነበር። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ተወለደች። ክትባቱ ክፍል ተቆልፏል፣ ቁልፉ ያለው ሰኞ የምትመጣዋ ባለሙያ ጋ ነው። እሑድን ሙሉ ስልክ ስደውል ዋልኩ። ባለቤቴ በረዶ ያለበት ዕቃ ይዞ ደሴ ወጣ፣ አንድ ቦታ ተገኘና አምጥቶ ተወጋች። ሰዓቱን ቆጥሬዋለሁ፣ 17 ሰዓት። ያለ መኪና፣ ያለ የሰው ስልክ፣ ሰኞ ከሰዓት ይሆን ነበር። ወይም በ45 ቀን።

ባሏ ትናንት ማታ ደረሰ። ተመርምሯል፣ ነፃ ነው፣ የመጀመሪያውን ክትባት ጀምሯል። ባቲ ሚሌ፣ ምላጩን ነግሬዋለሁ።

ማታ ተረኛ · ማክሰኞ፣ 9:45

እንኳን ማርያም ማረቻት! ከ24 ሰዓት በታች ገብታችኋል። የ45 ቀኑን እንዳትዘገይ። ልጅቷ ዘጠኝ ወር ሲሞላት ደሟ ይታይ፣ ከዚያ በፊት የሚታወቅ ነገር የለም። እናቷ ክኒኑን በራሷ እንዳታቆም፣ ሐኪሙ ነው የሚያስቆማት።

እናት የአምስት · ማክሰኞ፣ 10:10

እሰይ! ገንፎውን ማን አገነፋ?

ስሜ ይቆየኝ · ማክሰኞ፣ 10:30

አማቴ። ቅቤውን ሳትሰስት። ከልጅቱ ጋር ግን ከአንድ ሳህን አልበላችም፣ ማንኪያ ለየች። ስለ ሲኒው ሦስቴ አስረድቻታለሁ፣ «እሺ» ትላለች። የእኔን እስካሁን አልነገርኳትም። ሁለቴ ጀምሬ ሁለቴም ልጁን አነሣሁ።

ቧንቧ ውሃ · ማክሰኞ፣ 10:42

እንኳን ደስ አላችሁ። የቧንቧው ነገርስ?

ስሜ ይቆየኝ · ማክሰኞ፣ 10:55

ቁልፉ እስካሁን አማቴ መቀነት ላይ ነው። ለጊዜው በእኛ በር በኩል ከሮቶው ይቀዳሉ፣ ማታ ማታ፣ እሷ ስትሰግድ።